ከአዳራሽ እስከ ሳሎን፤ የፊልም ተመልካች ታሪክ ከኮልፌ በኩል ሲታይ

የሲኒማ ታሪክ በአገራችን በተጻፈ ቁጥር ብዕሩ የሚነሣው ከፒያሳ ነው። በቅድሚያ «ሰይጣን ቤት» ይወሳል፤ ቀጥሎ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ይጠቀሳሉ፤ ከዚያ ወደ አምባሳደር ይወረድና ታሪኩ እዚያው ያበቃል። አጻጻፉ ስሕተት አለበት ለማለት አይቻልም፤ ጉድለት ግን አለበት። የሚነግረን የአዳራሾችን ታሪክ እንጂ የተመልካቹን ታሪክ አይደለም። አዳራሽ በተተከለበት ይኖራል። ተመልካች ግን ከቤቱ ተነሥቶ፣ መንገድ አቋርጦ፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚመጣ፣ ትርኢቱ ሲያበቃም በመጣበት የሚመለስ ነውና ታሪኩን ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የተነሣበትን ሰፈር መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጸሐፊ ለብዙ ዓመታት በመምህርነት የኖረበትን የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ክፍል፣ ኮልፌን፣ መነሻው ያደረገው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩን ለማንሣት ሌላም ምክንያት አለ። ፊልምን በሲኒማ ቤት መመልከት ይሻላል ወይስ በመኖሪያ ቤት የሚለው ክርክር በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል ደጋግሞ ሲነሣ ይሰማል። አንዱ ወገን የጨለማውን አዳራሽ ክብር፣ የሰፊውን ሸራ ግርማ፣ የብዙ ሰው ሳቅና ልቅሶ በአንድነት መሰማቱን ያወድሳል። ሌላው የቤትን ምቾትና የኪስን አቅም ያስቀድማል። ሁለቱም ወገኖች ግን አዳራሽ የማኅበር፣ ቤት ደግሞ የግል ስፍራ መሆኑን አስቀድመው ተቀብለው ነው የሚከራከሩት። በኮልፌ የታየው ታሪክ ይህን መነሻ አይደግፍም። በኮልፌ ቤቱ ራሱ አዳራሽ ሆኖ ኖሯል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለገበያ ሲቀርብ መጀመሪያ የታየው በሸራ ላይ አልነበረም። የአሜሪካዊው የቶማስ ኤዲሰን ድርጅት የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ የቀረበው ኪኔቶስኮፕ የተባለው መሣሪያ፣ አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳ የሚያይበት ሣጥን ነበር። ከፍሎ በሣጥኑ ላይ የተደፋው ሰው ምን እንዳየ አጠገቡ የቆመው አያውቅም። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ሉሚዬሮች ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ግራንድ ካፌ ምድር ቤት ውስጥ ሥዕሉን ከሣጥን አውጥተው በሸራ ላይ ዘረጉት። ሲኒማ ተወለደ የሚባለው ያን ዕለት ነው። ዕለቱን ታላቅ ያደረገው የመሣሪያው አዲስነት ብቻ ሳይሆን፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ነገር ማየታቸውም ጭምር እንደ ሆነ ልብ ይሏል። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 1888 ነው፤ ከዚያ ዕለት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የአድዋ ጦርነት ሆነ።

መሣሪያው ኢትዮጵያ ለመድረስ ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ላይ አንድ ፈረንሳዊ የፊልም ማሳያ ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ንግዱ ስላልቀናውም መሣሪያውን በምኒልክ ዘንድ የኢጣልያ መልእክተኛ ለነበረው ለቺኮዲኮላ ሸጠለት፤ ቺኮዲኮላም ለንጉሠ ነገሥቱ አበረከተው። እንግዲህ በአገራችን ፊልም ቋሚ የሕዝብ አዳራሽ ከማግኘቱ አስቀድሞ የገባው ወደ ቤት ነው ማለት ነው፤ ቤቱ ቤተ መንግሥት ይሁን እንጂ።

ቆየት ብሎ የውጭ ተወላጆች በከተማው መካከል ማሳያ ሲከፍቱ ሕዝቡ ስፍራውን «ሰይጣን ቤት» አለው። ይህን ስም እያነሡ የዘመኑን ሰው የሚያሾፉበት ጥቂቶች አይደሉም። ለእኔ ግን ከስሙ ውስጥ ትኩረት የሚሻው «ሰይጣን» የሚለው ሳይሆን «ቤት» የሚለው ነው። አማርኛችን ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ሁሉ ቤት ይለዋል፤ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ትምህርት ቤት። ሲኒማም ገና ከመግባቱ ቤት ተባለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቪዲዮ ሲመጣም ሕዝቡ ሌላ ቃል አልፈለገለትም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን ፋሺስቶች ሲኒማን ለፕሮፓጋንዳቸው ተገለገሉበት፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ሥራም ሲኒማ ማርኮኒ በሚል ስም በዚያ ዘመን ተጀምሮ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተመረቀ ነው። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ሌላ ውሳኔያቸው ነው። ነጭና ጥቁርን ለይቶ ለማስፈር ባወጡት የከተማ ፕላን መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው አዲስ ከተማ ላይ ተከሉት። መርካቶ ስፍራውን ያገኘው እንዲህ ነው። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ፤ ገበያው ግን በዚያው ቀረ፤ ከተማውም ከገበያው በስተ ምዕራብ መስፋት ጀመረ። ከየአገሩ መጥቶ መርካቶ የሚሠራው ነጋዴ፣ ሸማኔና ወዛደር ማደሪያውን ኮልፌ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በመጣበት ጊዜ ኮልፌ ገና የከተማ ዳር ነበረች።

የከተማ ዳር ሰው ሲኒማ ሲያምረው ወደ ገበያው ይመለሳል። ለኮልፌ ነዋሪ የሚቀርቡት በመርካቶ ዙሪያ የነበሩት ሲኒማ ራስና ሲኒማ አዲስ ከተማ ናቸው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ቁልቁል በእግር ይኬዳል፤ ያለው በአውቶቡስ ይሄዳል። በእነዚህ አዳራሾች ከፍተኛ ተቀባይነት የነበረው የሕንድ ፊልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራው «ማዘር ኢንዲያ» እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን አራጣ አበዳሪ፣ የተቸገረች እናት፣ የሸፈተ ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመርካቶ ተመልካች ማስተርጐም አያስፈልግም። የሰፈሩ ጎልማሶች ሲያወሱ እንደምሰማው ግን ዋናው ትርኢት የሚታየው በመመለሻው መንገድ ላይ ነበር። የመግቢያ ሳንቲም ያገኘው አንዱ ልጅ አይቶ ይመጣና ላላገኙት ለአሥሩ ይተርክላቸዋል፤ ሲተርክም ይዘፍናል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ከአሥሩ ውስጥ አንዱ ሌላ ሰፈር ሄዶ እንዳየ ሰው ሆኖ ይተርካል። እንግዲህ አዳራሹ ራሱ የሚይዘው ሰው ቁጥር በወንበሩ ብዛት ብቻ የሚለካ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዳግመኛ ወደ ቤት ገባ፤ በዚህ ጊዜ የገባው ወደ ባለጸጋው ሳሎን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የቴሌቪዥን መስፋፋት ሲኒማ ቤቶችን ባዶ ማድረጉ፣ ሰውንም በየቤቱ መክተቱ ብዙ ተጽፎበታል። በእኛ ሰፈሮች የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና ያ ቤት የሰፈር ሆነ። በተለይ አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የልጆችን ጊዜ ይዘው በሚቀርቡበት ሰዓት የባለ ቴሌቪዥኑ በር በሕፃናት ይጨናነቃል። የቤቱ እመቤት «እግራችሁን ታጥባችሁ ግቡ!» ትላለች። ልጆቹ በቧንቧው ወይም በባልዲው ተራ ይይዛሉ፤ እርጥብ እግራቸውን እያሳዩ ይገባሉ፤ በምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡም ሰውየው የሚሰሟቸው ይመስል በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። የዚያ ትውልድ ሰው የሆነ ሁሉ የታጠበ እግሩን ያስታውሳል። መግቢያው ገንዘብ አልነበረም፤ ግን መግቢያ ነበረው፤ ቦታና ሥርዓት ነበረው፤ ያኮረፈ ባለቤት የሚያስወጣው ሰው ነበረው። እንዲህ ያለውን ስፍራ ሳሎን ብለን አልፈነው ልንሄድ አንችልም።

በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ። የዚህን እርምጃ ውጤት ኋላ እንመለስበታለን፤ በጊዜው የኮልፌን ተመልካች ከሁሉ በላይ የነካው ግን የሰዓት እላፊው ነበር። መሽቶ ከመርካቶ በእግር መመለስ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ በሆነበት ዘመን የማታ ትርኢት ለሩቅ ሰፈር ሰው ተዘጋ ማለት ይቻላል። በየቀበሌው የተከፈቱት መዝናኛ ክበቦች ጥቂቱን ክፍተት ሞሉት፤ ቴሌቪዥን በቆጥ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰው ሻዩን ይዞ በአግዳሚ ተደርድሮ የሚያይበት ክፍል በብዙ ቀበሌ ነበር። ቴሌቪዥናችን ራሱ ቀለም የለበሰው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮ ቤት ደርሰናል፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው የቪዲዮ ካሴት ጃፓን ውስጥ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ የፊልም ድርጅቶች ሰው በቤቱ ከቴሌቪዥን መቅዳቱ ያከስረናል ብለው ሶኒ የተባለውን ኩባንያ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ተረቱ። እዚያ ክርክሩ ስለ አንድ ቤተሰብ ሳሎን ነበር። ወደ እኛ የመጣው ዴክ ግን ከዐረብ አገርና ከአውሮፓ በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ ተጭኖ ከገባ በኋላ በሳሎን ብዙ አልቆየም። ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ መዝናኛ የሚሆን ስላልነበረ እንደ ስፌት መኪና ሠርቶ እንዲያበላ ተፈለገ። በተለይ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ቪዲዮ ቤት ያልነበረበት የኮልፌ መንደር ማግኘት ያስቸግራል።

ላላየው አንባቢ ስለ አሠራሩ ልግለጽ። አብዛኛው ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የመኖሪያ ክፍል ነው። መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከኋላ ወደ ፊት አግዳሚ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ከፊት በጠረጴዛ ላይ ቴሌቪዥኑና ዴኩ ይቀመጣሉ። በበሩ ላይ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ የተጻፉበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል። ዋጋው ለአንድ ፊልም ሃምሳ ሳንቲም፣ ኋላም ብር ነበር። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም፤ ያኔ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ይነሣና ለሌላው ያስረዳል። ከላይ ያነሣነው የመርካቶ መንገድ ተራኪ ሥራ አልፈታም ማለት ነው። በኋላ ዘመን በአማርኛ የተተረኩ የውጭ ፊልሞች ሲመጡ ይኸው ሙያ በድምፅ መቅጃ ገባ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ክፍል ዘጠኝ ተማሪዎች ጠፉ። የት እንዳሉ ለማወቅ ምርምር አላስፈለገም። ቪዲዮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ፤ ሌሊት የሚተኙበት ፍራሽ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ጥግ ተደግፏል። በእጃቸው አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይዘዋል፤ የታየውን ፊልምና የገባውን ሰው ቁጥር ይመዘግቡበታል። የፊልሞቹን የውጭ ስም ማንበብ ስለማይችሉ ራሳቸው ስም ሰጥተዋቸዋል፤ «ሁለቱ ወንድማማቾች»፣ «ዕውሯ እናት»፣ «ባለ አንድ እጁ»።

«መምህር፣ ይግቡ፤ ለእርስዎ አይከፈልም» አሉኝ።

«እትዬ፣ የገባሁት ልጆቹን ላስወጣ ነው» አልኳቸው።

ተማሪዎቼ አዩኝ። አንዱ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጠው፣ «ቲቸር፣ ትንሽ ነው እኮ የቀረው» አለ። በስክሪኑ ላይ ዕውሯ እናት የልጇን ፊት በእጇ እየዳሰሰች ነበር። ከአግዳሚው ላይ ሰዎች ገፋ ገፋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ትንሽ የተባለው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲያልቅ ማንም ማንንም ሳያይ ወጣን፤ ብዙዎቻችን ዓይናችንን እየጠረግን ነበር። በማግስቱ ልጆቹን አልቀጣኋቸውም፤ ለምን እንዳልቀጣኋቸው ለርእሰ መምህሩ የሰጠሁት ምክንያትም እውነተኛ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቪዲዮ ቤቶች ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ዝርዝር ቀርበው ይዘጉ ሲባል በስብሰባው ከተገኙት ነዋሪዎች እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ክሱ መሠረት የለውም አልልም። ልጆች ከትምህርት ይቀሩ ነበር፤ ማታ ማታ ለሕፃን ዓይን የማይገባ ነገር የሚያሳዩ ቤቶች ነበሩ፤ ካሴቶቹ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ የተባዙ ናቸው። ይሁንና ያን ዕለት ማናችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበረ፤ ከ1980ዎቹ የኮልፌ ወጣት ይህ ክፍል ሲወሰድበት የት ይሂድ? መልስ ሳንሰጥ እጃችንን አወጣን። የሴትዮዋ ቤት ከተዘጉት አንዱ ሆነ። ደብተራቸው የት እንደ ገባ ቆይቼ ጠይቄአቸው፣ ቅጠሉ ቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ማለቁን ነገሩኝ። ስንት ሰው ስንት ቀን ምን እንዳየ የሚመሰክር ሰነድ ነበር። ስለ ቪዲዮ ቤት ተመልካች ዛሬ ምርምር የሚያደርግ ሰው እንዲህ ያለ ደብተር ቢያገኝ ምን ያህል በተጠቀመ ነበር!

ቪዲዮ ቤት ለአማርኛ ፊልም ያደረገውን አስተዋጽኦ በሁለት በኩል ማየት ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ከቀረበው «ሒሩት አባቷ ማነው?» አንሥቶ፣ በሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በኩል፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ ታየው የሰሎሞን በቀለ «አስቴር» ድረስ በ35 ሚሊ ሜትር የተሠሩት የአገራችን ልብ ወለድ ፊልሞች ጥቂት ናቸው። በሴሉሎይድ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ማጠቢያው ውጭ አገር ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽንም ዕድሜው አልረዘመም። በ1980ዎቹ ባለሙያዎቹ በቪዲዮ ካሜራ ሠርተው በካሴት መሸጥ ሲጀምሩ የገዢው ፍላጎት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ይህን ፍላጎት ያዘጋጀው፣ በእኔ ግምት፣ የሰሌዳው ጠመኔና አግዳሚው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ቪዲዮ ቤት አንድ ካሴት ገዝቶ፣ ወይም ቀድቶ፣ ለመቶዎች ሲያሳይ ለአዘጋጁ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም ነበር። መምህርም ሌባም ነበረ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ባለሙያው ራሱ መውጫ መፈለግ ነበረበት።

መውጫው ደግሞ ዓለም ካየው የተለየ ሆነ። በጋናና በናይጄሪያ የቪዲዮ ፊልም ሲስፋፋ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ናይጄሪያ ላይ በካሴት ከተሸጠ በኋላ፣ ፊልሙ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደ፤ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ወደ መጋዘንነትና ወደ ጸሎት አዳራሽነት ተለወጡ። በአዲስ አበባ ግን በቪዲዮ የተሠራው ፊልም ከቤት ወጥቶ ወደ አዳራሽ ተመለሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሔለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን»፣ ተከትሎም የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በሲኒማ ቤት ሸራ ላይ በቪዲዮ ማሳያ ቀረቡ፤ ሰውም ተሰለፈ። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል። አንደኛው፣ አዘጋጁ ካሴቱ እንዳይሰረቅበት ትኬት ተቆጥሮ ድርሻው የሚታወቅበትን አዳራሽ መምረጡ ነው፤ በካሴት ወይም በሲዲ የሚሸጠው ከወራት በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ሁለተኛው፣ ከላይ እንመለስበታለን ያልነው ነው፤ ሲኒማ ቤቶቹ በ1967 ተወርሰው በመንግሥት እጅ ስለቆዩ፣ ሌላ አገር እንደሆነው ከስረው ወደ ሌላ ንግድ ሳይዞሩ ወንበራቸው እንደ ተደረደረ ተገኙ። የወረሳቸው አካል ይህን ዓላማ ይዞ እንዳልወረሳቸው ግልጽ ነው። ታሪክ አንዳንዴ ባልታሰበ በኩል ይጠቅማል።

በሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ በዚያ ዘመን ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ ዞሮ «ቲቸር!» አለኝ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ተማሪዬ ነበር። ባለቤቱን ይዞ ከኮልፌ በውይይት ታክሲ መጥቷል። አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «እዚህ ዝናብ አይሰማም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አጠር አድርጌ ልለፈው። ኮልፌ ቀራንዮ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሆኖ ተደራጀ፤ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተቆጠረበት። በግል የተሠሩት አዳዲስ ሲኒማ ቤቶች ግን አብዛኞቹ የተከፈቱት በቦሌና በመሐል ከተማ ነው፤ ከአየር ጤና ወይም ከቤቴል ተነሥቶ ቦሌ ድረስ ለሚሄድ ቤተሰብ የመኪናው ወጪ ከትኬቱ ጋር ሲደመር የሚቀልል አይደለም። በአንጻሩ የሳተላይት ሳሕን በየቆርቆሮው ላይ ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከቴአትርና ከፊልም ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በየቤቱ ግን የቡና ሰዓት በድራማው ሰዓት ተለካ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ ከቤት ሌላ ምርጫ ጠፋ። የቀድሞ ቪዲዮ ቤቶች ከመዘጋት የተረፉት የእንግሊዝን እግር ኳስ ማሳያ ሆነዋል፤ አግዳሚውም ሰሌዳውም ያው ነው፤ በጠመኔ የሚጻፈው ግን የቡድኖች ስም ሆኗል። ልቅሶ ከቤቱ አልጠፋም፤ ምክንያቱ ነው የተለወጠው።

የስልኩ ነገር ሌላ ነው። ፊልምን በእጅ ስልክ፣ ጆሮን በማዳመጫ ደፍኖ፣ በመኝታ ላይ ወይም በታክሲ ውስጥ ማየት ከአዳራሹም ከሳሎኑም የሚለይ ነው። የኤዲሰን ሣጥን ከመቶ ዓመት በላይ ተሸሽጎ ቆይቶ በኪሳችን ተመለሰ። አጠገቡ የተቀመጠው ምን እንዳየ የማያውቅበት ዘመን ዳግመኛ መጥቷል። ሲኒማ ቤት ከመኖሪያ ቤት ይሻላል ወይ የሚሉ ወዳጆቼ የፈሩት አደጋ ካለ ከዚህ በኩል ይመስለኛል፤ እግር ታጥቦ ከሚገባበት ሳሎን ወይም ፍራሽ ከሚጠቀለልበት ክፍል የሚመጣ አይደለም። ሆኖም ስለ ወጣቱ ሳልጠይቅ እጄን አንድ ጊዜ አውጥቻለሁና አሁን ለመፍረድ አልቸኩልም።

በቅርቡ በእፎይታ ገበያ በኩል ሳልፍ የሴትዮዋን ቤት አየሁት። ጭቃው በብሎኬት ተተክቷል። የመጨረሻ ልጃቸው ስልክ የሚጠግን፣ ፊልምና ሙዚቃም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ከፍቶበታል። ከበሩ ላይ አንድ አሮጌ አግዳሚ ቆሟል፤ እግሩ በሽቦ ታስሯል። ሥራቸው እስኪያልቅ የሚጠብቁ አራት ልጆች ተቀምጠውበታል። ስልኩ የአንዱ ነው። ማዳመጫውን ነቅሎት፣ ስክሪኑን ወደ መካከል አዘንብሎ ይዞታል፤ ሦስቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዳር ላይ የተቀመጠው በደንብ ስለማይታየው መካከል ያለው ይነግረዋል።